ዋስካር፦ ፔሩም ቺሊም «የእኔ ናት» የሚሏት ብረት ለበስ መርከብ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ስለዚህች መርከብ ባወራሁ ቁጥር ሰዎች የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ሰብስቤ ልመልሰው ብዬ ተነሳሁ። ዓመተ ምሕረቱና ቀኑ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሰዓቱን ግን በእኛው ነው የጻፍኩት።

ዋስካር ምንድን ናት?

በ1865 እንግሊዝ አገር፣ ቢርከንሄድ ከተማ ባለው የሌርድ ወንድማማቾች የመርከብ መሥሪያ ለፔሩ የተሠራች የጦር መርከብ ናት። ስሟ የኢንካዎች ንጉሥ የነበረው የዋስካር ስም ነው። ርዝመቷ 67 ሜትር ገደማ፣ ክብደቷ 1,900 ቶን ገደማ ነው። በዘመኑ ሚዛን እንኳ ትልቅ የምትባል አይደለችም። ግን ከ150 ዓመት በላይ ኖራ ዛሬም ውኃ ላይ ናት፤ ቺሊ ውስጥ፣ ታልካዋኖ ወደብ።

ለፔሩ ተሠርታ ቺሊ ምን ታደርጋለች? ታሪኩ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ እንደርስበታለን።

«ብረት ለበስ» ሲባል ምን ማለት ነው?

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የጦር መርከብ ማለት እንጨት ማለት ነበር። ከዚያ የሚፈነዳ የመድፍ ጥይት መጣ። የሚፈነዳ ጥይት እንጨት ውስጥ ሲገባ እሳት ይሆናል። ስለዚህ የመርከቡን ጎን በወፍራም የብረት ሳህን መሸፈን ተጀመረ። የዋስካር ሆድ አካባቢ የተለበጠው ብረት 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ነበረው፤ ወደ ጫፍና ጫፍ ሲሄድ ይሳሳል። አፍንጫዋ ደግሞ ከውኃ በታች ሾሎ የወጣ ነው። ሌላውን መርከብ ገጭታ እንድትቀድ ተብሎ የተሠራ። ይህን አፍንጫ አስታውሱት፣ ኋላ ላይ ይመጣል።

መድፎቿስ?

ሁለት ትልልቅ አርምስትሮንግ መድፎች ነበሯት፤ የአፋቸው ስፋት 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሁለቱም የተቀመጡት በብረት በተለበጠ፣ ክብ፣ በሚሽከረከር ማማ ውስጥ ነው። ማማውን የነደፈው ካውፐር ኮልስ የሚባል የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኮንን ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መርከቧን ከማዞር መድፉን አዙር።

ግን ሞተር አልነበረውም። ማማው የሚዞረው በሰው ጉልበት ነው። 16 ሰው ከታች ሆኖ እጀታ እያሽከረከረ አንድ ሙሉ ዙር ለማዞር 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበት ነበር። እስቲ አስቡት፤ ጨለማ፣ ሙቀት፣ የባሩድ ጭስ፣ ከላይ ብረት በብረት ሲመታ የሚሰማው ድምፅ፣ እና እናንተ ውጭ ምን እየሆነ እንዳለ ሳታዩ ዝም ብላችሁ እጀታ ታሽከረክራላችሁ። ስለ መርከብ ጦርነት ሲወራ አዛዦቹ ናቸው የሚነሱት። እኔ ግን ስለ ዋስካር ባሰብኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጡብኝ እነዚህ 16ቱ ናቸው።

ኮልስ ራሱ መጨረሻው አላማረም። እዚያው ሌርድ ጋ በተሠራች «ካፕቴን» በምትባል ባለ ማማ መርከብ ላይ ተሳፍሮ ሳለ በ1870 መርከቧ በማዕበል ተገለበጠች። እሱም ከሞላ ጎደል ከተሳፋሪው ሁሉ ጋር እዚያው ቀረ፤ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ፔሩ ለምን ገዛቻት?

ለስፔን ነው። ስፔን በ1864 ጓኖ የሚባለውን የባሕር ወፍ ኩስ የሚዛቅባቸውን የቺንቻ ደሴቶች ያዘች። ኩስ ብላችሁ እንዳትንቁት፤ ያኔ ለማዳበሪያ በወርቅ የሚሸጥ ነገር ነው፣ የፔሩ መንግሥት ገቢም በአብዛኛው ከእሱ ነበር። ዋስካር ግን አልደረሰችም። የፔሩ ወደብ በሆነችው ካያኦ ላይ የተደረገው ዋናው ውጊያ ግንቦት 2 ቀን 1866 ሲያልቅ ገና መንገድ ላይ ነበረች። የሚገርመው በዚያ ጦርነት ፔሩና ቺሊ በአንድ ወገን ነበሩ።

ከእንግሊዞች ጋር ተዋግታለች የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1877 የፔሩ ፖለቲከኛ የነበረው የኒኮላስ ዴ ፒዬሮላ ደጋፊዎች በመንግሥት ላይ አምፀው መርከቧን ካያኦ ወደብ ላይ ቀሙ። ባሕር ላይ እየዞሩ የእንግሊዝ የንግድ መርከቦችን ማስቆም፣ ከሰል መውሰድ ጀመሩ። እንግሊዞች ይህን ዝም ብለው አላለፉትም። ግንቦት 29 ቀን «ሻህ» እና «አሜቲስት» የሚባሉ ሁለት መርከቦቻቸው በፔሩ ባሕር ዳር ፓኮቻ አካባቢ አገኟት።

ለሰዓታት ደበደቧት። በርካታ ጥይት መታት፤ ብረቷን ግን አልበሳውም ማለት ይቻላል። በዚህ መሐል «ሻህ» አንድ ቶርፒዶ ለቀቀች። በራሱ ሞተር የሚሄድ ቶርፒዶ በውጊያ ላይ ሲተኮስ በዓለም የመጀመሪያው ነው። ሳታት። ሲመሽ ዋስካር በጨለማ አመለጠች፤ ዓመፀኞቹም ብዙም ሳይቆዩ ለገዛ መንግሥታቸው እጃቸውን ሰጡ።

የፓሲፊክ ጦርነት በምን ተነሳ?

በአጭሩ በናይትሬት። ለማዳበሪያም ለባሩድም የሚሆን ማዕድን ነው። አታካማ በረሃ ውስጥ ሞልቷል። በረሃው በቦሊቪያ፣ በፔሩና በቺሊ የተከፋፈለ ነበር። ያኔ ቦሊቪያ የባሕር በር ነበራት። ቦሊቪያ በአንቶፋጋስታው የናይትሬት ኩባንያ ላይ በኩንታል 10 ሳንቲም ቀረጥ ጣለች፤ ኩባንያው የቺሊና የእንግሊዝ ገንዘብ ያለበት ነው። አልከፍልም አለ። ንብረቱ ሊወረስ ሲል ቺሊ በየካቲት 1879 አንቶፋጋስታን በጦር ያዘች። ፔሩ ከቦሊቪያ ጋር በ1873 የተፈራረመችው ምስጢራዊ ውል ነበራት። ሚያዝያ ላይ ሦስቱም ጦርነት ውስጥ ገቡ።

በረሃ ስለሆነ ጦር በየብስ ማዝመት አይቻልም፤ ውኃ የለም፣ መንገድ የለም። ስለዚህ ባሕሩን የያዘ ጦርነቱን ይይዛል። ቺሊ «ኮክሬን» እና «ብላንኮ ኤንካላዳ» የሚባሉ ሁለት አዳዲስ ብረት ለበሶች ነበሯት፤ ብረታቸው ወፍራሙ ቦታ ላይ የዋስካርን እጥፍ ይሆናል። ፔሩ ደግሞ ባሕር ላይ የሚዋጉላት ብረት ለበሶች ዋስካርና «ኢንዴፔንደንሲያ» ነበሩ።

ሚጌል ግራው ማን ነው?

የዋስካር አዛዥ። በ1834 የተወለደ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ባሕር ላይ ያደገ ሰው ነው። ከጦርነቱ በፊትም መርከቧን ለዓመታት አዟታል፤ እያንዳንዷን ብሎን ያውቃታል ማለት ነው። ከዚያም ገና ጦርነቱ ሳይጀመር የምክር ቤት አባል ሆኖ ተመርጦ ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር ተመልሶ መርከቧን ተረከበ።

ኢኪኬ ላይ ምን ሆነ?

ግንቦት 21 ቀን 1879። ቺሊዎች ያኔ የፔሩ የነበረውን የኢኪኬን ወደብ ዘግተው ይዘዋል። ለጥበቃ የቀሩት ግን ሁለት ያረጁ የእንጨት መርከቦች ብቻ ናቸው፤ «ኤስሜራልዳ» እና «ኮቫዶንጋ»። ጎህ ሲቀድ ሁለቱ የፔሩ ብረት ለበሶች ብቅ አሉ።

«ኮቫዶንጋ» ወደ ደቡብ፣ የባሕሩን ዳር ይዛ ሸሸች። «ኢንዴፔንደንሲያ» ተከተለቻት። «ኮቫዶንጋ» ትንሽ ስለሆነች ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ታልፋለች፤ አዛዧ ኮንዴልም ይህን አውቆ ነው በዚያ የወሰዳት። «ኢንዴፔንደንሲያ» ፑንታ ግሩዌሳ ላይ ከዓለት ጋር ተላትማ እዚያው ቀረች። ፔሩ በአንድ ጠዋት ትልቁን መርከቧን አጣች።

«ኤስሜራልዳ» ግን መሸሽ አልቻለችም፤ ቦይለሯ ተበላሽቷል። አዛዧ አርቱሮ ፕራት የ31 ዓመት ሰው ነው። ሕግ የተማረ፣ ጠበቃም ነው። መርከቧን ከተማዋን ከጀርባ አድርጎ ዳር አስጠግቶ አቆማት፤ ዋስካር አልፋ ብትስት ጥይቷ የሚያርፈው በገዛ አገሯ ከተማ ላይ ነው። የኤስሜራልዳ ጥይት የዋስካርን ብረት ነክቶ ይነጥራል። የዋስካር ተኳሾች ደግሞ አብዛኛውን ይስቱ ነበር። ለሰዓታት እንዲህ ቆዩ።

በመጨረሻ ግራው በአፍንጫዋ ለመግጨት ወሰነ። ሁለቱ መርከቦች ሲጋጠሙ ፕራት ሰይፉን ይዞ ወደ ዋስካር ወለል ዘለለ። በዚያ ሁሉ ጩኸትና ተኩስ መሐል ትእዛዙን የሰማው ጥቂት ሰው ነው። ሳጅን አልዴያ ተከትሎት ዘለለ። ዋስካር ወዲያው ወደ ኋላ ስለተመለሰች ሌላው ቀረ። ፕራት በጠላት መርከብ ላይ ብቻውን ሊባል በሚችል ሁኔታ ወደ ፊት ሄደ፤ እዚያው ወለሉ ላይ ተገደለ። በሁለተኛው ግጭት ሌተናንት ሴራኖ ከደርዘን ያህል መርከበኞች ጋር ዘለለ፤ እነሱም ወደቁ። ሦስተኛው ግጭት ጨረሳት። ከቀኑ 6፡10 «ኤስሜራልዳ» ባንዲራዋን ሳታወርድ ሰመጠች።

ግራው ያኔ ያደረገው ነገር ነው እኔን የሚይዘኝ። ጀልባዎቹን አውርዶ ውኃ ውስጥ የቀሩትን ጠላቶቹን አስለቀመ። ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎች ተረፉ።

ስለ ደብዳቤው ደጋግሜ እሰማለሁ። ምን ደብዳቤ ነው?

ከውጊያው ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን፣ ግራው ለፕራት ባለቤት ለካርሜላ ካርቫኻል ጻፈ። የገዛ ጠላቱ ሚስት ናት፤ ባሏ የሞተው በእሱ መርከብ ላይ ነው። ባሏ በጀግንነት እንደሞተ ነገራት፣ ኀዘኗን እንደሚጋራ ነገራት። ከደብዳቤው ጋር የሟቹን ዕቃ ላከላት። ዕቃው ተቆጥሮ በዝርዝር ተጽፏል፦ ሰይፉ፣ የወርቅ የጋብቻ ቀለበቱ፣ የሸሚዝ ቁልፎቹ፣ የእሷ ፎቶግራፍ፣ ጓንት፣ አንድ ነጭ መሐረብ።

ያ መሐረብ ሆዴን ይበላኛል። ሰው በጦርነት መሐል ሰይፍ ቢመልስ ክብር ነው። መሐረብ አጣጥፎ መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው። እሷም የምስጋና መልስ ጻፈችለት። ሁለቱም ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ በሁለቱም አገር ይነበባሉ። ግራውም «የባሕሮቹ ጨዋ ሰው» የሚለውን ስም ያገኘው በእንዲህ ያለ ሥራው ነው።

አንዲት መርከብ ብቻዋን ቺሊን እንዴት አስቸገረች?

ግራው ትልልቆቹን ፊት ለፊት አልገጠማቸውም። ድንገት ብቅ ይላል፣ ዕቃ ጫኝ ይማርካል፣ የወደብ ጀልባዎችን ያጠፋል፣ ይሰወራል። እንዲህ እያደረገ ከግንቦት እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ድረስ ቺሊ በሰሜን በኩል ጦር እንዳታወርድ አዘገያት። ሐምሌ 23 ቀን «ሪማክ» የምትባለውን መርከብ ከነ ሙሉ የፈረሰኛ ክፍል ማረካት። ሳንቲያጎ ውስጥ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ ሚኒስትሮች ወረዱ፣ የባሕር ኃይሉም አዛዥ ተለወጠ።

ከዚህ ሁሉ መሐል አንዱን ልጨምር። አንድ ሌሊት ኢኪኬ ላይ «ማቲያስ ኩሲኞ» የምትባል ከሰል ጫኝ አገኘ። ዝም ብሎ አልተኮሰም፤ መጀመሪያ ሰዎቹ መርከቧን ለቀው እንዲወርዱ ጮኾ ተናገረ። በዚያ መሐል የቺሊ የጦር መርከብ ደረሰበትና ምርኮውን ትቶ ሄደ። አንዳንዱ ይህን ድክመት ይለዋል። እኔ አልስማማም።

በመጨረሻ እንዴት ተያዘች?

ቺሊዎች ሥራቸውን ሠሩ። «ኮክሬን»ን ቫልፓራይሶ ወስደው ቦይለሯን አደሱ፣ ከታች የተጣበቀባትን ቆሻሻ ፍቀው አጸዱ። ፍጥነቷ ጨመረ። ዋስካር ግን ወራት ሙሉ ስትሮጥ ነበርና ሆዷ በባሕር ሣርና ቀንድ አውጣ መሰል ነገር ተሸፍኖ ከብዷት ነበር። ብዙ ሰው ስለ መድፍ ነው የሚያወራው፤ ውጊያው ግማሹ ያለቀው እዚያ መፋቂያው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥቅምት 8 ቀን 1879 ሌሊት፣ ከአንቶፋጋስታ በስተ ሰሜን፣ ዋስካርና «ኡኒዮን» የምትባል ሌላ የፔሩ መርከብ ከአንድ የቺሊ ቡድን ጋር ተያዩ። ሸሹ። ሲነጋ ሁለተኛው ቡድን ከፊታቸው ጠበቃቸው። ወጥመድ ነበር። ፈጣኗ «ኡኒዮን» አመለጠች። ዋስካር አንጋሞስ በሚባለው የባሕር ዳር ጫፍ አጠገብ ከጠዋቱ 3፡40 ገደማ ተኩስ ከፈተች።

ብዙም አልቆየም። አንድ ጥይት አዛዡ ቆሞ የሚመራበትን ማማ መትቶ ፈነዳ። ግራውና አጠገቡ የነበረው ሌተናንት ፌሬ ሞቱ። ከግራው የተገኘው ከእግሩ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ኤሊያስ አጊሬ ተተካ፤ እሱም ሞተ። ሜሊቶን ሮድሪጌስ ተተካ፤ እሱም ሞተ። መሪው ተበጠሰ፣ የመድፎቹ ማማ ተበሳ። ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲህ ቀጠለ። መጨረሻ ላይ የቀረው አዛዥ ሌተናንት ፔድሮ ጋሬሶን ነበር።

ለምን አላሰመጧትም?

ሞክረዋል። ጋሬሶን ውኃ የሚያስገቡት ቧንቧዎች እንዲከፈቱ አዘዘ። ውኃው መግባት ጀምሮ ነበር። የቺሊ መርከበኞች ግን ቀድመው ደርሰው ወለሉ ላይ ወጡ፤ ሽጉጥ ደቅነው መካኒኮቹን ቧንቧውን አስዘጉ። የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ያኔ ትንሽ ዘግይተው ቢሆን ዛሬ የምናወራላት መርከብ የባሕር ወለል ላይ የዛገ ብረት ነበረች።

ግራውን ቺሊዎች ሜሂዮኔስ ላይ በወታደራዊ ክብር ቀበሩት። ኋላ ላይ አጽሙ ያረፈው በቺሊያዊው መኮንን በኦስካር ቪዬል ቤተሰብ መቃብር ነው። ቪዬል ለግራው አበ ልጁ ነበር፤ ሚስቶቻቸውም እህትማማቾች ናቸው። በ1890 አጽሙ ወደ ፔሩ ተመለሰ።

ከዚያ ቺሊ ምን አደረገቻት?

ጠገነቻት፣ ስሟን ሳትለውጥ ባንዲራዋን ለወጠች፣ ወደ ጦርነቱ መለሰቻት። የካቲት 27 ቀን 1880 አሪካ ላይ ከፔሩዋ «ማንኮ ካፓክ» ጋር ተዋጋች፤ አዲሱ አዛዧ ማኑዌል ቶምሰን እዚያው ሞተ። እንግዲህ ቁጠሩ። ፕራት፣ ግራው፣ ቶምሰን። ሦስት የመርከብ አዛዦች በዚህች አንዲት መርከብ ላይ ሞቱ፣ ሁለቱ ቺሊያዊ፣ አንዱ ፔሩዊ፤ ሁሉም በዘጠኝ ወር ከምናምን ውስጥ።

ጦርነቱ ቀጠለ። ባሕሩ ከተያዘ በኋላ ቺሊ ጦሯን በፒሳጓ አወረደች፣ በጥር 1881 ሊማ ገባች። ፔሩ በ1883ቱ የአንኮን ውል ታራፓካ የሚባለውን ግዛቷን አጣች። ቦሊቪያ ደግሞ የባሕር በሯን በሙሉ። ይህ ለእኛ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ከጦርነቱ በኋላስ?

ረጅም ዕድሜ ነው፤ የሚነገሩትን ብቻ ልጥቀስ። በ1888 የፕራትን፣ የሴራኖንና የአልዴያን አጽም ከኢኪኬ ወደ ቫልፓራይሶ ወደ መታሰቢያቸው ያመጣችው ዋስካር ናት። የሞቱባት መርከብ ራሷ ተሸክማ ወሰደቻቸው። በ1891 የቺሊ የእርስ በርስ ጦርነት ከምክር ቤቱ ወገን ሆና ተሳተፈች። ከዚያ አረጀች። ከ1917 እስከ 1930 የባሕር ሰርጓጅ መርከቦች እናት ሆና አገለገለች፤ መርከበኞቹ የሚያድሩባት፣ ዕቃቸውን የሚያስቀምጡባት ማለት ነው።

በ1951 እና 1952 በአድሚራል ፔድሮ ኤስፒና አነሳሽነት ታድሳ ሙዚየም ሆነች። በ1970ዎቹ መጀመሪያም ሌላ ሰፊ እድሳት ተደረገላት፤ ወደ ቀድሞ መልኳ መለሷት።

የ2010ሩ ሱናሚ አልነካትም?

ታልካዋኖን ክፉኛ መታት። ትልልቅ መርከቦች ከተማ ውስጥ ገብተው ተጋድመው ነበር። ዋስካር ግን ተንሳፍፋ ተገኘች። ቀኑ የካቲት 27 ነው፤ አሪካ ላይ ቶምሰን ከሞተ ልክ 130 ዓመት።

ፔሩ መልሱልኝ አትልም?

ጉዳዩ በየጊዜው ይነሳል። ቺሊ በ2007 በጦርነቱ ጊዜ ከሊማ የተወሰዱ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ለፔሩ መልሳለች። መርከቧን ግን አልመለሰችም። ለፔሩዎች እንደ ግራው መቃብር ናት። ለቺሊዎች እንደ ፕራት መቃብር ናት። ከሁለቱም ወገን «ትሰበርና እንገላገል» ወይም «ትስመጥ» የሚል ሐሳብ ሲመጣ ይከፋኛል። የት መቆም እንዳለባት ሁለቱ አገሮች ይነጋገሩበት፤ ብቻ ትኑር።

ግራው አሁንም የምክር ቤት አባል ነው የሚባለው እንዴት ነው?

ፔሩ ምክር ቤት ውስጥ በስሙ የተጠበቀ ወንበር አለ። ማንም አይቀመጥበትም። የአባላት ስም ሲጠራ የእሱም ይጠራል፤ አባላቱ በአንድ ድምፅ «አለ!» ብለው ይመልሳሉ። ጥቅምት 8 በፔሩ፣ ግንቦት 21 በቺሊ ሥራ ዝግ ነው። ሁለቱም በዓል የዚህችው መርከብ ቀን ነው።

መጎብኘት ይቻላል? ምን ይታያል?

ይቻላል። የቺሊ ባሕር ኃይል ይዞታ ውስጥ ስለሆነች መግቢያ ላይ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያዙ። ማማው አለ፣ የመርከበኞቹ ማደሪያ አለ፣ የግራው ክፍል በክብር ተጠብቋል። የሞቱት የሁለቱም አገር ሰዎች በአንድነት ይታሰቡባታል። ወለሉ ላይ ፕራት የወደቀበት ቦታ በምልክት ታይቷል። ከዚያ ግራው የሞተበት የአዛዡ ማማ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው።